ሁለት አብሮ አደጎች፣ አንድ ቡፌ፣ አራት ፎቅ፦ የወንድ ጓደኝነት አስቂኝ ፊልም ከኮዬ ፈጬ ቢነሳ

የኮዬው

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። አንድ ሐሳብ ላንሳና ተወያዩበት።

የአማርኛ ፊልም ፖስተሮችን አስታውሱ። ከስሙ በታች «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» ይላል። ካልሆነ «የፍቅር ፊልም» ወይም «ልብ አንጠልጣይ»። በዚያ ሁሉ አስቂኝ የፍቅር ፊልም ውስጥ አንድ ሰው አይጠፋም፤ የዋናው ገፀ ባሕርይ ጓደኛ። ያስቃል፣ ይመክራል፣ የልጅቷን ስልክ ቁጥር አፈላልጎ ያመጣል፣ ሠርጉ ላይ ሚዜ ይሆናል። ከዚያ ፊልሙ ያልቃል። ቤቱ የት እንደሆነ አናውቅም። እናቱን አላየናትም። «አንተስ እንዴት ነህ?» ያለው ሰው የለም።

እኔ ያንን ጓደኛ መሀል ላይ ማየት እፈልጋለሁ። የሁለት ወንዶች ጓደኝነት ራሱ ታሪኩ የሆነበት አስቂኝ ፊልም። ውጭ አገር ይሄ ራሱን የቻለ ዘውግ ነው፤ አካሄዱም የታወቀ ነው። ሁለት የማይገጥሙ ሰዎች ይገናኛሉ። አንዱ ሥርዓት ወዳድ፣ አንዱ ዝርክርክ። የሆነ ጉዳይ አብረው እንዲጓዙ ያስገድዳቸዋል። ይጨቃጨቃሉ፣ ይላመዳሉ፣ ፊልሙ ሊያልቅ ሩብ ያህል ሲቀረው ክፉኛ ይጣላሉ፣ ከዚያ ይታረቃሉ። ይህን አካሄድ የሚንቁ አሉ፤ እኔ ግን አከብረዋለሁ። ተመልካቹ እንደሚታረቁ እያወቀ ቁጭ ብሎ የሚያየው እንዴት እንደሚታረቁ ስለሚጓጓ ነው።

አንድ ነገር ግን እንቀይር። በውጭዎቹ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ አይተዋወቁም፤ የሚያገናኛቸው ፊልሙ ነው። የኛዎቹ ከልጅነት የሚተዋወቁ ይሁኑ፤ የበተናቸው ደግሞ ዕጣ። ልደታ አንድ ግቢ ያደጉ ሁለት ሰዎች አስቡ። በ1997 አብረው ተሰልፈው ለኮንዶሚኒየም ተመዘገቡ። ለአንዱ የካ አባዶ ወጣለት። ሌላው ዓመታት ጠብቆ ኮዬ ፈጬ ደረሰው። አንዱ የከተማው ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ አንዱ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ። ከኮዬ አባዶ መሄድ ማለት ከተማ ገብቶ፣ መገናኛ ወርዶ፣ እንደገና መሰለፍ ነው። ማምሸት አይቻልም፤ ታክሲ ይጠፋል። በየቀኑ ይተያዩ የነበሩ ሰዎች አሁን የሚገናኙት ለቅሶ ቤት ነው።

እዚህ ኮዬ እንዲህ የሆንን ብዙ ነን። ፊልሙ ከዚህ ቢነሳ ምን ይመስላችኋል?

ሲኒማ ወዳጅ

ሐሳቡ ደስ ይላል፤ መነሻው በተለይ። ግን ወንድሜ፣ አካሄዱ አርጅቷል። ሎረልና ሃርዲ ጥንድ ሆነው የወጡት በፈረንጆቹ 1927 ነው። ቀጭኑና ወፍራሙ። ከዚያ ወዲህ የሚደገመው ያው ነው። በ1982 ኒክ ኖልቲንና ኤዲ መርፊን ፖሊስና እስረኛ አድርገው አጣመሯቸው፤ ለመርፊ የመጀመሪያ ፊልሙ ነበር። በ1998 ጃኪ ቻንና ክሪስ ታከር መጡ። ሁሌ አንዱ ቁጥብ፣ አንዱ ለፍላፊ። እኛ ገና አሁን እዚያ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ገብተን ምን እናገኛለን? ከባዶ ብንጀምርስ?

የኮዬው

ወንድሜ፣ ሎረልና ሃርዲን ካነሳህማ ለኔ ክርክር ጠቀምከኝ። ፒያኖ ይዘው ረጅም ደረጃ የሚወጡበትን አጭር ፊልማቸውን አይተኸዋል? በ1932 ኦስካር ያገኘው ነው። ታሪኩ በሙሉ ይኼ ነው፤ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ፒያኖ፣ አንድ ደረጃ። ወደ ላይ ይገፋሉ፣ ተንሸራትቶ ይወርዳል።

አሁን ኮዬ ና። ሊፍት የሌለው ባለ አራት ፎቅ ብሎክ። በር ላይ አይሱዙ ቆሟል። አይሱዙው ላይ ቡፌ አለ። የእናት ቡፌ፤ ከባዱ የጣውላ፣ ባለ መስታወቱ፣ ልደታ ሳሎኑን ሞልቶት የነበረው። ጫኝና አውራጆቹ ከበውታል። የሚጠሩት ዋጋ ከአይሱዙው ኪራይ አይተናነስም። ባለቤቱ እልኸኛ ነው፤ «እኛው እናወጣዋለን» ይላል። «እኛ» ያለው እሱንና ጓደኛውን ነው። ጓደኛው ደግሞ ከአባዶ የመጣው ለምርቃት ነው፤ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ዳቦ በፌስታል ይዞ።

ደረጃው ጠባብ ነው። መታጠፊያው ላይ ቡፌው አይዞርም። ከላይ ያለው «ወደ ግራ!» ይላል። ግን ፊት ለፊት ስለቆሙ የአንዱ ግራ ለሌላው ቀኝ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ውሃ በጀሪካን የምታወጣ ሴት ከታች መጥታ ማለፊያ ታጣለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ አባወራ በሩን ከፍቶ መምከር ይጀምራል። ምክሩ በሙሉ ስህተት ነው። ጫኝና አውራጆቹ ታች ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ መጠራታቸው እንደማይቀር ያውቃሉ። በመሀል ሁለቱ ስለ ቡፌው ማውራት ትተው ስለ ሌላ ነገር ይነታረካሉ። ለምን ሠርጌ ላይ ዘገየህ። ለምን ልጄ ስትወለድ አልመጣህም። ቡፌው ትከሻቸው ላይ ነው፤ ማስቀመጥም መሄድም አይችሉም። ሰው ጥሎ መሄድ የማይችልበት ጠብ ማለት ይኼ ነው።

ፒያኖውን ሌሎች ከኛ በፊት ሠርተውታል። ቡፌውን ግን ማንም አልሠራውም።

ረዳቱ

ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚመክረው ሰውዬ የኔ ብሎክ ነው የሚኖረው 😂 ይኼ ፊልም ይሠራ!

ቪዲዮ ቤት ያደገ

የኮዬው፣ አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካኖቹ ፊልሞች ሳቅ በብዛት የሚመጣው ሁለት ወንዶች ሲቀራረቡ ከማፈራቸው ነው። ይተቃቀፋሉ፣ ደንግጠው ይላቀቃሉ፣ ሰው ይስቃል። ያንን ቀልድ እዚህ ብታመጣው ማን ይስቃል? እኛ ጋ ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው አስፋልት ይሻገራሉ፤ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ትከሻ ለትከሻ ይሳሳማሉ። ይጎራረሳሉ። በአካል መቀራረብ አያሳፍረንም።

እኛን የሚያሳፍረን ሌላ ነው። «ተቸግሬያለሁ» ማለት። የልጅነት ጓደኛህ ካንተ ጋር ከአንድ ሰሃን በልቶ፣ ክንድህን ይዞ ሰፈር እየዞረ፣ የቤት ኪራይ መክፈል እንዳቃተው ግን ከሰው ትሰማለህ። ይሉኝታ። የኛ ፊልም ቀልዱም ህመሙም ከዚያ ነው መምጣት ያለበት።

ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ የህንድ ፊልም ያየ ሰው ሾሌን ያውቃል። በፈረንጆቹ 1975፤ አሚታብ ባቻንና ዳርሜንድራ። አሚታብ ሳንቲም አለው። ምን እናድርግ ሲባል ይወረውራል፤ ሁሌም የሳንቲሙ ውሳኔ ነው። መጨረሻ ላይ ጓደኛውን «አንተ ሂድ» ብሎ ይልከዋል፣ እሱ ይቀራል፣ ይሞታል። ዳርሜንድራ ሳንቲሙን አንስቶ ሲያገላብጠው ሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት ነው። ያኔ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ያለቀስን ወንዶች ብዛት! «እወድሃለሁ» የሚል ቃል የለም። ሳንቲም ብቻ ነው ያለው። የኛም ፊልም የራሱን ሳንቲም ይፈልግ።

የኮዬው

ጎበዝ! የፈለግኩትን ነው ያልከው። እስቲ የጠባቸውን መነሻ ልንገራችሁና ፍረዱ።

ለኮዬው ሰው ዕጣ ሲወጣለት ቅድሚያ ክፍያ አልነበረውም። 20/80 ማለት 20 በመቶውን ራስህ አምጣ ማለት ነው። የአባዶው ጓደኛ የጎደለውን ሞላለት። ወረቀት አልተጻፈም፣ ምስክር አልተጠራም። «ተወው ባክህ፣ ሲኖርህ» ተባባሉ። ከዚያ ዓመታት አለፉ።

አሁን ያበደረው ተቸገረ። ሥራው ቀዝቅዟል፣ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል። መጠየቅ ግን አይችልም፤ ይሉኝታ። ተበዳሪው ደግሞ አልሞላለትም። ዓይኑን ማየት ከበደው። ስለዚህ ሁለቱም መሸሽ ጀመሩ፤ ሁለቱም ግን በታክሲ አሳበቡ። «ልመጣ ስል ታክሲ አጣሁ»፣ «ሰልፉ ረጅም ነበር»፣ «መንገዱ ተቆፍሯል»። አንዱ ሲደውል ሌላው ታክሲ ውስጥ ያለ ለማስመሰል ሚስቱን «መገናኛ! መገናኛ!» በዪ ይላታል። ተመልካቹ የሚስቀው በዚህ ውሸት ነው። የሚያዝነውም በዚሁ ነው።

ርቀቱ እውነት ነው፤ ግን ምክንያቱ ርቀቱ አይደለም። ፊልሙ መናገር ያለበት ይኼን ነው።

የአባዶዋ

ሁላችሁም ደህና ዋላችሁ። እንደምታዩት አባዶ ነው የምኖረው። ፊልሙን ወድጄዋለሁ፣ ግን ሴቶቹን የት አደረጋችኋቸው? እስካሁን አንዷ ጀሪካን ይዛ ደረጃ ላይ ማለፊያ አጣች፣ አንዷ «መገናኛ» ብላ ጮኸች። በውጭዎቹም ያው ነው። ወንዶቹ ይዝናናሉ፣ ሚስት ማለት ቤት ተቀምጣ የምትቆጣ ናት። እባካችሁ ያንን አትድገሙት።

እውነቱን እንነጋገር። እዚህ ኮንዶሚኒየም ስንገባ መጀመሪያ የተዋወቅነው ሴቶቹ ነን። ቡና የተጠራራነው፣ ዕድሩን ያቋቋምነው፣ ውሃ ሌሊት ሲመጣ በር እያንኳኳን የተቀሳቀስነው እኛ ነን። ወንዶቹ ጠዋት በጨለማ ይወጣሉ፣ ማታ በጨለማ ይገባሉ፤ የፎቅ ጎረቤታቸውን ስም አያውቁም። የድሮ ጓደኛ ርቆ፣ አዲስ ጓደኛ ሳያበጁ የቀሩ ወንዶች ናቸው። ባለቤቴ እሑድ ከሰዓት ሰገነት ላይ ቆሞ ታች የሚጫወቱ ልጆችን ሲያይ አየዋለሁ። የሚደውልለት ሰው እንደናፈቀው ያስታውቃል።

ስለዚህ የሁለቱ ሚስቶች በስልክ ይገናኙ። ብድሩን ያውቃሉ። ባሎቻቸው እንደሚዋሹም ያውቃሉ። አንዷ ታንሳው፣ «ተናገር» ትበለው። እሱ እንቢ ይበል። እሷም የራሷ ሐሳብ ይኑራት፤ ያ ገንዘብ እኮ የሷም ነው! የልጇ ትምህርት ቤት ነው። መቆጣቷ ትክክል ይሁን።

የኮዬው

እህቴ፣ «ያ ገንዘብ የሷም ነው» ያልሽው ፊልሙን አዳነው። ይገባል፤ ሙሉ ትዕይንት ይሰጠዋል።

ሲኒማ ወዳጅ

እኔም የአባዶዋን ካነበብኩ በኋላ ሌላ ነገር ታየኝ። የሚፈለገው አዲስ አካሄድ አይመስለኝም፤ የሚፈለገው እነዚህ ሰዎች ናቸው። ጥያቄ ግን አለኝ። መታረቂያው እንዴት ነው? አሜሪካኖቹ ሰውዬውን ያስሮጡታል፤ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ ሰው ሁሉ ፊት ንግግር ያደርጋል። የኛ ሰው ንግግር ካደረገ ግን አላምነውም።

የድሮ ሰው

ልጆቼ፣ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ዕድሜዬ ስለገፋ ትንሽ ልናገር።

ጥንድ ቀልደኛ ለኛ አዲስ አይደለም። ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲቀርቡ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ይሞላ ነበር። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩም እንዲሁ። እነሱን ያየ ሰው የሚያስታውሰው የአንዱን ቀልድ ብቻ አይደለም፤ መቀባበላቸውን ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ፊቱ ላይ የሚሆነውን። ስለዚህ ተዋናይ ስትመርጡ ሁለት ዝነኛ ሰው አትፈልጉ። እርስ በርስ የሚደማመጡ ሁለት ሰዎች ፈልጉ። አንዱ የሌላውን ሳቅ መሻማት ከጀመረ ፊልሙ አለቀ።

መታረቂያውን ጠየቅህ። እኛ ሰው የምናስታርቀው በሽማግሌ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይገባል፤ ወንድማማች በውርስ ሲጣላ ይገባል። ሁለት ጓደኛሞች ሲኳረፉ ግን «እነሱው ይጨርሱት» ተብሎ ይተዋል። ለምን? ሽማግሌ ይግባ። ከኮዬ ብሎክ ሁለት፣ ከአባዶ ብሎክ ሁለት፣ አምስተኛው ከድሮ ሰፈር የቀሩ አንድ አዛውንት። ሁለቱንም በልጅነታቸው በአለንጋ የገረፉ ይሁኑ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ባልና ሚስት ጠብ ነው የሚይዙት፤ ሌላ አያውቁምና። «መጀመሪያ ቤት ጥሎ የወጣው ማነው?» «ስልክ ያላነሳው ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሁለቱ ጎልማሶች አንገታቸውን ደፍተው ይመልሳሉ። ሰው ይስቃል። ግን በመሀል አዛውንቱ ዞር ብለው ተበዳሪውን «ልጄ፣ ከፍለህ ያልጨረስከው ገንዘቡን ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው?» ይሉታል። ያኔ ሳቁ ይቆማል። ከዚያ ጉልበት ይሳማል፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባላል። ንግግር አያስፈልገውም። ቃሉ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው፤ እነሱ ማለት ብቻ ነው ያለባቸው።

የኮዬው

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እዚህ ላይ ምንም አልጨምርም። ይኼ ትዕይንት እንዳለ ይገባል።

ቪዲዮ ቤት ያደገ

ጋሼ እንዴት ያምራል! አንድ ነገር ብቻ። ገንዘቡስ? ታርቀው ገንዘቡ ከተረሳ ተመልካቹ ቤቱ ሲገባ ይናደዳል። የልጁ ትምህርት ቤት አለ እኮ።

የአባዶዋ

ልክ ነው፣ ይከፈል። ዕቁብ ያለው ይመስለኛል ኮዬው። ተራው ገና ነው። ሚስቱ ከዕቁብተኛው ጋር ተነጋግራ ተራ ትለዋወጥ፣ ገንዘቡን ተቀብላ ይዛ ትምጣ። ሽማግሌዎቹ ጋ ሳይሆን ራሷ አባዶ ድረስ፣ ለአባዶው ሰው ሚስት በእጇ ትስጣት። ሁለቱ ሴቶች ከፊልሙ መጀመሪያ ጀምሮ በስልክ ብቻ ነው የሚያወሩት፤ በአካል የሚገናኙት እዚያ ነው።

ረዳቱ

እኔ ደግሞ ስለ ታክሲው ልናገር፤ የማውቀው እሱን ነው። ሾፌርና ረዳትም ጓደኛሞች ናቸው። ቀኑን ሙሉ አብረው ናቸው፣ ሒሳብ ላይ ይጨቃጨቃሉ፣ ምሳ አብረው ይበላሉ። ያ ሰውዬ ውሸቱን ትቶ የእውነት አባዶ ሊሄድ የተነሳ ቀን፣ የተሳፈረባት ሚኒባስ ሾፌርና ረዳት ይጣሉ። በመልስ ነው የሚጣሉት፤ አምስት ብር ጎደለ አልጎደለም። ረዳቱ በሩን ወርውሮ ይወርዳል። ተሳፋሪው ሁሉ «ኧረ በእናታችሁ» እያለ ያስታርቃል። የኛ ሰውዬ ደግሞ የራሱን ጓደኛ ትቶ የሌላውን ሲያስታርቅ ያገኘዋል ራሱን። ሲመክር የሚናገረው ሁሉ ለራሱ ነው። ይኼ ነገር ደርሶ ስላየሁት ነው። ተሳፋሪ ሲያስታርቅህ እንቢ ማለት አይቻልም፤ ሰው ሥራ እየረፈደበት ነው።

ሲኒማ ወዳጅ

ረዳቱ፣ ወንድሜ፣ ይኼን ትዕይንት ጽፈህ አምጣልን። አልቀልድም። ንግግሩን ካንተ የተሻለ የሚጽፈው የለም።

የኮዬው፣ እኔ አቋሜን ቀይሬያለሁ። አንድ ክርክር ግን ይቀረኛል፤ ስለ መጨረሻው። ታርቀው አንድ ሰፈር ይሰባሰቡ የሚል ሐሳብ እንዳታመጣ። ቤቱን ሸጦ፣ ወይ አከራይቶ ጓደኛው ጋ ሄደ ብትለኝ አልቀበልም። ባንክ ብድር አለበት፣ ልጅ አለው፣ ሥራ አለው።

የኮዬው

አይሰባሰቡም። አንዱ ኮዬ፣ አንዱ አባዶ ይኖራሉ። የሚቀየረው አንድ ነገር ነው፤ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ መገናኛ ይገናኛሉ። ሁለቱም ግማሽ መንገድ ይመጣሉ፣ ቁርስ ይበላሉ፣ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ማን ይክፈል ብለው ይጨቃጨቃሉ። እዚያ ላይ አንዱ ሳያፍር «ዛሬ የለኝም፣ አንተ ክፈል» ይበል። ሌላው ይክፈል። ሳንቲም ፈልግ ብላችሁኝ ነበር፤ የኔ ሳንቲም ይኼ ዓረፍተ ነገር ነው። ፊልሙ ሙሉ አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ያቃተውን ነው ፉል እየበላ የሚለው።

ድምፅ ቀጂው

ሁላችሁንም አነበብኩ። ፊልም ላይ ድምፅ ነው የምሠራው፤ የምር ልትሠሩት ከሆነ ጥቂት ነገር ልበል።

ፊልሞቻችን ቪላና ካፌ ውስጥ የሚያልቁት ጸሐፊ ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሰውና ዕቃ ኮዬ ድረስ ማመላለስ ያስወጣል፤ ውጭ ሲቀረጽ ድምፅ ያስቸግራል። ኮዬ ሜዳ ስለሆነ ነፋስ አለው፤ ማይክራፎን ላይ መሸፈኛ ካልተደረገ ንግግሩ አይሰማም። ጎረቤት ቤት ግሪል ይበየዳል፣ ሴራሚክ ይቆረጣል፤ አዲስ ገቢ ባለበት ብሎክ ይኼ አያቆምም። የብሎክ ኮሚቴውን ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ከሰዓት አስቁሙልን በሉ።

ደረጃው ግን ለኔ ገነት ነው። ሲሚንቶው ድምፁን ይመልሳል። አንደኛ ፎቅ ላይ «ወደ ግራ!» ሲል አራተኛ ፎቅ ይሰማል። በኋላ ስቱዲዮ ገብታችሁ አታስተካክሉት፤ እዚያው የተቀዳው ይቅር። የቡፌው መስታወት ሲንቀጫቀጭም በቅርብ ነው የምቀዳው፤ ተመልካቹ «አሁን ተሰበረ» እያለ እንዲጨነቅ። ቡፌውን ባዶውን አታውጡት፣ ጥቂት ብርጭቆ ተዉበት።

ቀረጻው ከጥቅምት በኋላ ይሁን። ክረምት ከሆነ ያልተነጠፈው መንገድ ላይ አይሱዙው ጭቃ ይይዘዋል፣ ቀኑን በመጎተት ትጨርሱታላችሁ። ቡፌ ያለው ሰው ካለ ከአሁኑ ይናገር፤ ሁለት ያስፈልገናል፣ አንዱ መስበሩ አይቀርም።

የአባዶዋ

የአማቴ ቡፌ አለ። አስፈቅጄ ነገ እነግራችኋለሁ። ሁለተኛውን ሌላ ሰው ያምጣ፣ የሷ እንዳይሰበር!